የደከሙና የተሰነጠቁ የአጸደ ቤተ ክርስቲያን ዛፎችን ስለ መደገፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ ቅጽሯን በዛፎች ከብባ የኖረች ናት። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በእርሻ መሬት መካከል እንደ ደሴት ተለይቶ የሚታይ አረንጓዴ ስፍራ ካለ፣ በመካከሉ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሜግ ሎውማን በደቡብ ጎንደር ከካህናትና ከምእመናን ጋር ሆነው እነዚህን ደኖች በድንጋይ አጥር የማስከበር ሥራ ሲሠሩ እንደ ቆዩ ይታወቃል። አጥሩ ከብትንና እርሻን ያግዳል። በአጥሩ ውስጥ ያሉት አረጋውያን ዛፎች ግን ሌላ ዐይነት እንክብካቤ ያስፈልጋቸዋል።

በእነዚህ ዛፎች ጥላ ሥር የአብነት ተማሪዎች ይቀጽላሉ፤ በንግሥ በዓላት ሕዝቡ ተሰብስቦ ቃለ እግዚአብሔር ይሰማል፤ አረጋውያንና ሕሙማን ቅዳሴው እስኪፈጸም ያርፋሉ። ስለዚህ ከዛፎቹ አንዱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲያዘነብል ጉዳዩ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይነካል። አንደኛው የሰው ሕይወት ነው፤ ሁለተኛው አባቶች ያቆዩልንና በእኛ ዕድሜ መልሰን ልናሳድገው የማንችለው ዛፍ ነው። በብዙ አጥቢያዎች ክርክሩ "ይቆረጥ" በሚሉና "አይነካ" በሚሉ ወገኖች መካከል ይቀራል። በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ዛፉን መርምሮ፣ ሸክሙን አቅልሎ መደገፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዛፍ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ድጋፉ በምን በምን መንገድ እንደሚሠራ፣ ምን ማድረግ እንደማይገባና ድጋፍ የማይበቃበት ጊዜ መቼ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ዛፍ ለምን ይሰነጠቃል?

የመጀመሪያው ምክንያት ከዛፉ አፈጣጠር የሚመጣ ነው። አንዳንድ ዛፍ ከአንድ ግንድ ላይ ውፍረታቸው የተቀራረበ መንታ ግንዶችን ያወጣል። ሁለቱ ግንዶች ሰፋ ብለው ሲለያዩ በመካከላቸው ያለው እንጨት እርስ በርሱ ተሰናስሎ ያድጋል። ተጠባብቀው ወደ ላይ ሲወጡ ግን ቅርፊታቸው በመካከል ይገባና እንጨቱ እንዳይያያዝ ይከለክለዋል። ከውጭ ሲታይ ግንዶቹ የተጋጠሙ ይመስላሉ፤ በውስጥ ግን በቅርፊት የተለያዩ ናቸው። ግንዶቹ በየዓመቱ እየወፈሩ እርስ በርስ ሲገፋፉና ነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዛቸው መጋጠሚያው ይከፈታል።

ሁለተኛው ምክንያት መበስበስ ነው። ቅርንጫፍ ያለ አግባብ ሲቆረጥ፣ ቅርፊት ሲላጥ፣ በግንዱ ሥር እሳት ሲነድ፣ ወይም መብረቅ ሲመታው ቁስል ይፈጠራል። በቁስሉ በኩል የሻጋታና የእንጉዳይ ወገን የሆኑ ተሐዋስያን ገብተው እንጨቱን ያበሰብሳሉ።

ሦስተኛው ምክንያት የሥር መጎዳት ነው። ይህ በአጸደ ቤተ ክርስቲያን በጣም የተለመደ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። የዛፍ ሥሮች አብዛኞቹ ከመሬት ገጽ ብዙ ሳይርቁ ወደ ጎን የሚዘረጉ ናቸው፤ ከቅርንጫፎቹ ጥላ ወሰን አልፈውም ይሄዳሉ። ስለዚህ መቃብር ለመቆፈር፣ የአዳራሽ መሠረት ለማውጣት ወይም የውኃ ቧንቧ ለመቅበር በግንዱ አጠገብ ሲቆፈር ዛፉን የሚያቆሙት ሥሮች ይቆረጣሉ። ግቢውን በሲሚንቶ መሸፈንና መኪና በዛፍ ሥር ማቆምም አፈሩን አጠንክረው ሥሩን አየርና ውኃ ያሳጡታል። ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ለዓመታት ለምልሞ ሊታይና በአንድ የክረምት ሌሊት በድንገት ሊወድቅ ይችላል።

ዛፍ ቁስሉን የሚጠብቅበት መንገድ

የሰው ቁስል ሲድን የተጎዳው ሥጋ በአዲስ ሥጋ ይተካል። ዛፍ ግን እንዲህ አይደለም። በአሜሪካ የደን አገልግሎት ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክስ ሺጎ ብዙ ዛፎችን ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ በመመርመር፣ ዛፍ የተጎዳውን እንጨት አጥሮ እንደሚለየውና ከአጥሩ ውጭ አዲስ እንጨት እንደሚያበቅል አስረድቷል። በስብሶ የጠፋው እንጨት አይመለስም፤ የተሰነጠቀውም መልሶ አይጣበቅም። አዲሱ እንጨት በላዩ ያድጋል እንጂ የቀድሞው ጉዳት በውስጥ እንዳለ ይኖራል።

ይህን ማወቅ ለሥራችን ሁለት ትምህርት ይሰጠናል። የመጀመሪያው፣ ድጋፍ ስንጥቁን አይፈውስም፤ ዛፉ አዲስ እንጨት እስኪያበቅል ድረስ ጊዜ ይገዛለታል። ሁለተኛው፣ በዛፍ ላይ የምንፈጥረው እያንዳንዱ አዲስ ቁስል ዛፉ ሊያጥረው የሚገባ ተጨማሪ ሸክም ነው። ስለዚህ ቀዳዳ የሚበሳው ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ ሲታወቅ ብቻ ነው።

ከመደገፍ አስቀድሞ የሚደረግ ምርመራ

ድጋፍ ከመታሰቡ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው።

አንደኛ፣ ዛፉ ሕያው ነውን? ቅጠሉ የሳሳ፣ ጫፎቹ የደረቁ፣ ቅርፊቱ በሰፊው የተላቀቀ ዛፍ በድጋፍ አይድንም።

ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ግንዱን በእንጨት መዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ቀላልና ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ጤናማ እንጨት የጠነከረ ድምፅ ሲሰጥ ባዶ የሆነው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በግንዱ ግርጌ ወይም በሥሮቹ ላይ እንጉዳይ መብቀሉ በውስጥ መበስበስ እንዳለ ያመለክታል። በአንድ ወገን አፈሩ ተሰንጥቆ ወይም ተነሥቶ ከታየ ሥሩ እየተነቀለ ነው ማለት ነውና አስቸኳይ አደጋ ነው። ስንጥቁ እያደገ መሆኑን ለማወቅ በግራና በቀኙ ሁለት የቀለም ነጥቦችን ምልክት አድርጎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየወሩ መለካትና ከቀኑ ጋር መጻፍ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ቢወድቅ በማን ላይ ይወድቃል? በጫካው መካከል፣ ሰው በማይደርስበት ስፍራ ያለ የተሰነጠቀ ዛፍ ምንም ሳይደረግለት ሊተው ይችላል። ለወፎችና ለንቦች መጠለያ ይሆናል፤ በወደቀም ጊዜ አፈሩን ያዳብራል። በደጀ ሰላሙ፣ በምእመናን መቆሚያ፣ በአብነት ተማሪዎች ጎጆ ወይም በመንገድ ላይ ያዘነበለው ግን ውሳኔ የሚሻ ነው። ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ ከሥሩ ያለውን ስፍራ በገመድ ከልሎ ሰው እንዳይቆምበት ማድረግ የዚያኑ ዕለት የሚፈጸም ተግባር ነው።

ከምርመራው ቀጥሎ የሚመጣው ሸክም ማቅለል ነው። ብዙ ጊዜ ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች በመጠኑ ማሳጠርና የደረቁትን ማስወገድ ብቻውን መጋጠሚያውን ያሳርፈዋል። ቅርንጫፍ ሲቆረጥ በግርጌው ያለው ያበጠ ቀለበት መነካት የለበትም፤ ዛፉ ቁስሉን የሚያጥረው በዚያ ነውና። በአንድ ዓመት ውስጥም ከቅጠሉ ከሩብ በላይ እንዳይነሣ ባለሙያዎች ይመክራሉ፤ ለአረጋዊ ዛፍ ከዚያም ያነሰ ይሁን። የዛፉን ራስ ሙሉ በሙሉ መቁረጥ ግን ዛፉን ያስርበዋል፤ በቁስሉ ዙሪያ የሚያቆጠቁጡት አዳዲስ ቅርንጫፎችም አያያዛቸው ደካማ በመሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከቀድሞው የባሰ አደጋ ይሆናሉ።

የድጋፍ ዐይነቶች

*በገመድ ማያያዝ*፦ ይህ ከላይ በዛፉ አክሊል ውስጥ የሚሠራ ነው። ሁለት መንታ ግንዶች ወይም አንድ የደከመ ቅርንጫፍና አንድ ብርቱ ግንድ በብረት ገመድ ይያያዛሉ። ዓላማው ነፋስ በሚነፍስበት ጊዜ ግንዶቹ እርስ በርስ እንዳይራራቁ መገደብ ነው። የሚታሰርበት ከፍታ ከደካማው መጋጠሚያ እስከ ዛፉ ጫፍ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ላይ ነው። ረጅም ማንሻ ከባድ ድንጋይን በቀላሉ እንደሚያነሣ ሁሉ፣ ገመዱም ከመጋጠሚያው በራቀ መጠን በትንሽ ኃይል ብዙ ይይዛል። ወደ መጋጠሚያው ቀርቦ የታሰረ ገመድ ግን ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ገመዱ የሚያዘው በግንዱ ላይ ተጠምጥሞ ሳይሆን ግንዱን ዘልቆ በሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ባለው ብሎን ነው። ብሎኑ በሌላኛው ወገን በሮንዴላና በዳዶ ይጠብቃል። የብሎኑና የገመዱ አቅጣጫ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መሆን አለበት፤ ገመዱ ወደ ጎን ከጎተተው ብሎኑ ይጣመማል፤ እንጨቱንም ይሰነጥቃል። ገመዱ ዛፉ ቅጠል ሞልቶት በቆመበት ጊዜ ሳይላላ ብቻ ይወጠር እንጂ እንደ ክራር አውታር አይጥበቅ። ዛፍ በነፋስ በመጠኑ ሲወዛወዝ እንጨቱ ይጠነክራልና። ብረቱ ሁሉ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ይሁን።

ዛፉን ሳይበሱ በሰፊ ቀበቶ የሚታሰሩ የሰው ሠራሽ ክር ገመዶችም አሉ። እነዚህ የዛፉን ውዝዋዜ በከፊል የሚፈቅዱ ሲሆኑ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ መሆን አለባቸው። ፀሐይ ስለምታደክማቸው አምራቹ በወሰነው ጊዜ ይለወጣሉ፤ ግንዱ ሲወፍርም ቀበቶው እንዲላላ ይደረጋል። በገበያ የሚገኝ ተራ የናይሎን ገመድ በእነርሱ ፈንታ አይሆንም።

*በብረት ዘንግ ማሰር*፦ መጋጠሚያው አስቀድሞ ከተሰነጠቀ ገመድ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ጊዜ ዙሪያውን እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት የብረት ዘንግ በሁለቱ ግንዶች ውስጥ ተሻግሮ ያልፋል፤ በሁለቱም ጫፍ በሮንዴላና በዳዶ ይጠብቃል። ስንጥቁ ረጅም ከሆነ ከአንድ በላይ ዘንጎች በተለያየ ከፍታ ይገባሉ። ቀዳዳው ዘንጉን ለማሳለፍ ከሚያስፈልገው በላይ አይስፋ፤ በበሰበሰ እንጨት ውስጥም አይበሳ፤ የበሰበሰ እንጨት ዳዶውን መያዝ አይችልምና። ዘንጉ መጋጠሚያውን ሲይዝ ገመዱ ከላይ ውዝዋዜውን ስለሚገድብ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። ከጊዜ በኋላ ዛፉ ሮንዴላውን በአዲስ እንጨት ሲሸፍነው ይታያል፤ ይህ ጉዳት ስላልሆነ ሊፈቱት አይገባም።

*ከሥር መደገፍ*፦ ወደ ጎን ርቆ የተዘረጋ ከባድ ቅርንጫፍ በምሰሶ ይደገፋል። ለሕዝባችን በጣም የቀረበው ዘዴ ይህ ቢሆንም ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ነገሮች አሉት። የምሰሶው ግርጌ በአፈር ላይ ብቻ ሳይሆን በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በተሠራለት መሠረት ላይ ይረፍ፤ አለዚያ በክረምት ይሰምጣል። ራሱ ቅርንጫፉን እንደ መዳፍ ሰፋ አድርጎ ይቀበል፤ ጠባብና ስለታም የሆነ ጫፍ ቅርፊቱን ይቆርጣልና። ቁሳቁሱም ይታሰብበት፦ እርጥብ የባሕር ዛፍ ምሰሶ መሬት ውስጥ ሲቀበር ቶሎ በምስጥ ስለሚበላ ለጊዜው ካልሆነ አይታመንም። የጥድ ወይም የወይራ እንጨት፣ ወይም ቀለም የተቀባ የብረት ቱቦላሬ የተሻለ ነው።

*ከመሬት ጋር መወጠር*፦ ሥሩ ተናውጦ ያዘነበለ ወጣት ዛፍ ቀና ተደርጎ በሦስት አቅጣጫ ከመሬት ጋር በገመድ ሊወጠር ይችላል። ይህ ለትልቅ ዛፍ እምብዛም አያገለግልም። ለወጣቱም ቢሆን ሥሩ ሲይዝ ገመዱ መፈታት አለበት። ሰው በጨለማ እንዳይሰናከልበት ገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ማሰር ይገባል።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ፣ ከታች የሚሠራው ምሰሶ እንኳ፣ በሚያውቅ ሰው መሪነት ይፈጸሙ። በተሰነጠቀ ዛፍ ላይ ያለ መከላከያ ቀበቶ መውጣት፣ ወይም በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ብረት ይዞ መሥራት ዛፍን ለማትረፍ የሰው ሕይወት መክፈል ይሆናል። የወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት የደን ባለሙያዎች ለምክር ቅርብ ናቸው፤ የብረቱን ሥራ ደግሞ በአጥቢያው ያሉ የብረት ሠራተኞች በባለሙያው ልክ ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

በበጎ ፈቃድ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

በብዙ ቦታ ዛፎች የሚጎዱት በሚወዷቸው ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሽቦ ወይም ሰንሰለት በግንድ ዙሪያ መጠምጠም ከሁሉ የከፋው ነው። በቅጠል የተዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ከቅርፊቱ በታች ባለው ስስ አካል በኩል ነው። ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ይህን መንገድ ያንቃል፤ ዛፉም ከማነቂያው በታች እየተራበ ይሄዳል። ጎማ ወይም ጨርቅ ከሥር ማድረግ ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ደወል፣ ድምፅ ማጉያና የመብራት ገመድ በዛፍ ላይ በሽቦ ማንጠልጠልም ከዚሁ ይቆጠራል፤ ለእነዚህ የራሳቸው ምሰሶ ይተከልላቸው።

የግንድን ባዶ ሆድ በሲሚንቶ መሙላት በውጭው ዓለምም ከመቶ ዓመት በፊት የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ባለሙያዎች ትተውታል። ዛፍ ይወዛወዛል፤ ሲሚንቶ አይወዛወዝም። በመካከላቸው በሚፈጠረው ክፍተት ውኃ ይገባና መበስበሱን ያፋጥናል። ሲሚንቶው የዛፉ አጥር የሆነውንም እንጨት ይፈገፍገዋል። የበሰበሰውን እስከ ጤናማው እንጨት ድረስ መፋቅም እንዲሁ ዛፉ የሠራውን አጥር ማፍረስ ነው። ቁስልን ሬንጅ ወይም ቀለም መቀባት መበስበስን እንደማይከለክል በጥናት ታውቋል። በግንድ ሥር ሻማና ጧፍ ማብራት፣ ቆሻሻ ማቃጠልና ሚስማር መምታት ደግሞ ፈጽሞ ሊቀሩ ይገባል።

የአገራችን ዛፎች ጠባይ

ዛፎች ሁሉ አንድ ዐይነት ድጋፍ አይፈልጉም። ወይራ እንጨቱ ከባድና ጽኑዕ ነው፤ ግንዱ ባዶ ሆኖም ለረጅም ዘመን ይቆማል፤ ብሎንንም በሚገባ ይይዛል። የሐበሻ ጥድ መካከሉ መበስበስንና ምስጥን የሚቋቋም ስለሆነ መንታ ሆኖ ሲያድግ በገመድ ሊረዳ ይችላል። ዝግባ ቁመቱ እጅግ የሚረዝም ነው፤ እንጨቱ ግን ለመበስበስ ስለሚጋለጥ በግርጌው ያለ ቁስል በጥንቃቄ መታየት አለበት።

ዋርካና ሾላ እንጨታቸው ለስላሳ ሲሆን ቅርንጫፋቸው ወደ ጎን እጅግ ይሰፋል። ለእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚሻለው ከመብሳት ይልቅ ሸክም ማቅለልና ከሥር በምሰሶ መደገፍ ነው። የእነዚህ ዛፎች ወገን ሥራቸው ምን ያህል ብርቱ እንደ ሆነ ለማየት በጎንደር የዐፄ ፋሲለደስን መዋኛ መመልከት ይበቃል። ጥምቀት በሚከበርበት በዚያ ስፍራ የዛፎቹ ሥሮች የድንጋዩን ግንብ እንደ ጣት አቅፈው ይዘውታል። እንዲህ ባለ ቦታ ዛፍን መቁረጥ ግንቡንም መንካት ስለሚሆን ዛፉና ሕንፃው አብረው መመርመር ይኖርባቸዋል።

የመምሬ ዛፍ ምስክርነት

አባታችን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን መቀበሉ (ዘፍ. ፲፰) በምእመናን ዘንድ የታወቀ ነው። በኬብሮን አቅራቢያ ይህን ዛፍ የሚያስታውስ አንድ አረጋዊ ዛፍ በክርስቲያኖች ዘንድ ሲከበር ኖሯል። ስፍራውን በ1868 እ.ኤ.አ. በኢየሩሳሌም የሩሲያ ኦርቶዶክስ መንፈሳዊ ልዑክ መሪ የነበሩት አርክማንድሪት አንቶኒን ካፑስቲን ገዙት፤ በዚያም ገዳም ተሠራ። ዛፉ በዕድሜ ሲደክም ዙሪያው ታጠረ፤ ግንዱና ቅርንጫፎቹም በብረት ድጋፎች ተያዙ። በ1996 እ.ኤ.አ. ዛፉ እንደ ሞተ ተቆጠረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከግርጌው አጠገብ ከሥሩ አዲስ ቡቃያ ወጣ። አሮጌው ግንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ወደቀ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ድጋፍ ዛፍን ዘላለማዊ እንደማያደርገው ነው። ብረቱ ለዛፉ ጊዜ ሰጠው፤ ከሥሩ የወጣውን ቡቃያ ግን ማንም ሊሠራው አይችልም ነበር። ስለዚህ አረጋዊ ዛፍ የሚደግፍ አጥቢያ በዚያው ዓመት ከዚያው ዛፍ ዘር ወስዶ ችግኝ ሊያፈላና በአቅራቢያው ሊተክል ይገባዋል። ድጋፉ የሚያስገኘው ዕድሜ ተተኪው የሚያድግበት ዕድሜ ይሁን።

መቁረጥ የሚገባው መቼ ነው?

ሥሩ እየተነቀለ ያለ፣ ግንዱ በአብዛኛው የበሰበሰ፣ ወይም የሞተ ዛፍ ሰው በሚሰበሰብበት ስፍራ ካለ መቆረጥ አለበት። ሰው እንዳይቀርበው ማድረግ ካልተቻለ መዘግየት አይገባም። በእንዲህ ያለ ዛፍ ላይ ገመድ ማሰር ምእመናንን ያለ አግባብ ያዘናጋል። ገመድና ዘንግ አደጋን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉም፤ መብረቅንም አይከላከሉም። ስለዚህ ነጎድጓድ በሚሰማበት ጊዜ ከተደገፈ ዛፍ ሥር ይቅርና ከማንኛውም ዛፍ ሥር መጠለል አይገባም።

ዛፍ ወድቆ ሰው ሲጎዳ "የእግዚአብሔር ቁጣ ነው" ብሎ ማለፍም ተገቢ አይደለም። ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል (ሉቃ. ፲፫)። ስንጥቁን እያየን ዝም ያልን እንደ ሆነ ኃላፊነቱ የእኛው ነው።

በሌላ በኩል ጥድና ዝግባ ውድ ጣውላ እንደሚሆኑ መዘንጋት የለበትም። ዛፉ ይቆረጥ የሚለው ውሳኔ በጣውላው ዋጋ እንዳይመዘን፣ መርማሪውና ገዢው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ምርመራውም በጽሑፍ ይቅረብ። የሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድም አስቀድሞ ይጠየቅ። የተቆረጠው ዛፍ ገቢ ለችግኝና ለቀሩት ዛፎች እንክብካቤ ቢውል ሐሜትም ይቀራል።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ

ድጋፍ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚረሳ አይደለም። የላላ ገመድ፣ የዛገ ብሎን፣ የሰመጠ ምሰሶ ከድጋፍ አልባነት የባሰ ነው፤ ሰው ተማምኖበት በሥሩ ይቀመጣልና። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ የሚከተለውን ሥርዓት ቢይዝ እንመክራለን።

፩. የአጸዱ ታላላቅ ዛፎች በመዝገብ ይጻፉ፦ ዐይነታቸው፣ የሚገኙበት ስፍራ፣ ያለባቸው ጉዳት፣ የተሠራላቸው ድጋፍና የተሠራበት ቀን።

፪. በየዓመቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይታዩ፦ በግንቦት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ በጥቅምትም ክረምቱ ካለፈ በኋላ። ከብርቱ ነፋስ ማግሥትና ሕዝብ ከሚበዛበት ዐቢይ በዓል በፊትም ይታዩ።

፫. ለመቃብርና ለግንባታ ቁፋሮ ከመፈቀዱ በፊት ከዛፉ ያለው ርቀት ይመርመር፤ ቢቻል ከቅርንጫፎቹ ጥላ ውጭ ይሁን።

፬. ኃላፊነቱ በስም ለታወቀ ሰው ይሰጥ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ስንጥቅ በመለካትና ችግኝ በመንከባከብ ሊረዱ ይችላሉ።

በውጭው ዓለም ያሉ አጥቢያዎቻችን ሕንፃና ግቢ ሲገዙ አብረው የሚረከቧቸው ትልልቅ ዛፎችም በዚሁ ሥርዓት ሊታዩ ይገባል። በብዙ አገሮች በዚህ ሙያ የሠለጠኑ የዛፍ ባለሙያዎች ስላሉ ምርመራውን በእነርሱ ማስደረግ ይቻላል።

ማጠቃለያ

በወንጌል በተጻፈው ምሳሌ ባለቤቱ ፍሬ ያጣባት በለስ እንድትቆረጥ ሲያዝ አትክልተኛው አንድ ዓመት እንዲታገሣት ለመነ (ሉቃ. ፲፫)። የምሳሌው ዋና ምሥጢር ስለ ንስሓ ቢሆንም የአትክልተኛው ልመና ለያዝነው ጉዳይም ይጠቅመናል። እርሱ ጊዜ ብቻ አልለመነም፤ ዙሪያዋን ሊቆፍርና ፍግ ሊጨምርላት ቃል ገባ፤ ካላፈራችም እንደምትቆረጥ ተቀበለ። ዛፍ መደገፍም እንዲሁ ነው። የምንጠይቀው ዕድሜ ከሥራ ጋር፣ ሥራውም ከወሰን ጋር ነው።

በአጸዳችሁ የተሰነጠቀ ዛፍ ካለ ከመጪው ክረምት በፊት በሥሩ ያለውን ስፍራ ከልሉ፤ ስንጥቁን ለኩ፤ ባለሙያ ጥሩ፤ ከዚያም ወስኑ። አባቶች ለእኛ ጥላ ያቆዩልንን እኛም ለልጆቻችን በደኅንነት እናስረክብ ዘንድ የአባቶቻችን አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።